ፈርመው ቢቀበሉም፦ ከደመወዝ ላይ ስለሚቆረጥ ገንዘብ

«ፈርመህ ተቀብለህ የለ? አሁን ምን ትላለህ?» ይህች ጥያቄ ስንቱን ሠራተኛ ከሒሳብ ክፍል በር መልሳዋለች። ወር ሲሞላ ፔሮሉ ይዘረጋል፤ ሠራተኛው ስሙን ፈልጎ ይፈርማል፤ ብሩን ሲቆጥር ይጎድልበታል። ምነው ቢል «ተቆርጦ ነው» ይባላል። ለምን ተቆረጠ ብሎ ሲገፋ ደግሞ የገዛ ፊርማው ይጠቀስበታል። በወለጋ ከተሞች፣ በቢላ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በነቀምቴ፣ ሆቴል ቤት የሚያስተናግድ፣ በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር፣ በቡና መጋዘን የሚለቅም ሁሉ ይህን መልስ ወይ ሰምቶታል፣ ወይ ከሰማ ሰው ጋር ይውላል።

ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 60 አሠሪው የደመወዝ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዛል። መዝገቡ ጠቅላላ ክፍያውንና አሠራሩን፣ ሌሎች ተጨማሪ ክፍያዎችን፣ የተቆረጠውን ገንዘብ መጠንና ዓይነት፣ በመጨረሻም የተጣራውን ክፍያ ማሳየት አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው መዝገቡን የማሳየት፣ የተጻፈውንም የማስረዳት ግዴታ አለበት። ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል፦ ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ፣ ይገባው የነበረውን ቀሪ ደመወዝ እንደተወ አያስቆጥርበትም። ፊርማው «ይህን ያህል ብር ተቀብያለሁ» ይላል እንጂ «ከዚህ በላይ አይገባኝም» አይልም። ስለዚህ «ፈርመሃል» የሚለው መልስ በሕግ ፊት ክርክሩን አይዘጋውም።

ክርክሩን የሚዘጋው ጊዜ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረባቸው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የመስከረም ደመወዝ ላይ ያለ አግባብ የተቆረጠ ብር እስከ መጋቢት መጨረሻ ካልተጠየቀ ያመልጣል፤ የጥቅምቱ ደግሞ በሚያዝያ መጨረሻ። እያንዳንዱ ወር የራሱን ይርጋ ይዞ ይሄዳል። «ዘንድሮስ ልታገሥ፣ ስወጣ አንድ ላይ እጠይቃለሁ» የሚል ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ከተቆረጠበት ውስጥ የሚያስመልሰው የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ሕጉ ስላልደገፈው ሳይሆን በዚህ ትዕግሥቱ ነው፤ ለዚህም ነው ይህን ያስቀደምኩት።

አሠሪ ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚችለው መቼ ነው? አንቀጽ 59 መነሻውን ክልከላ ያደርገዋል፦ አሠሪው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ መቁረጥ፣ ደመወዙን መያዝ ወይም በዕዳ ማቻቻል አይችልም። ከዚያ በኋላ ነው የተፈቀዱትን የሚጠቅሰው። ሕግ ሲያዝ፣ በኅብረት ስምምነት ሲወሰን፣ በሥራ ደንብ ሲደነገግ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ። ከእነዚህ ውጭ ያለ ማናቸውም ቆረጣ፣ ምክንያቱ የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን፣ ሕጋዊ አይደለም። የአሠሪው ቁጣ፣ የሱፐርቫይዘሩ ቃል፣ «እዚህ ቤት ልማዱ እንዲህ ነው» የሚለው በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ተቆረጠ?» ሳይሆን «በምን ተቆረጠ?» መሆን አለበት።

በሕግ ከሚቆረጡት የታወቁት ሁለቱ የሥራ ግብርና ጡረታ ናቸው። እነዚህን ማንም ሠራተኛ በራሱ ስልክ ሊያሰላቸው ይችላል። አንዲት በቢላ በግል ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ የወር ደመወዟ 6,000 ብር ነው እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ ይከፈልበታል፤ ይህ 300 ብር ነው። ከ4,000 በላይ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ነው፤ የእሷ በዚህ እርከን የገባው 2,000 ብር ስለሆነ 400 ብር ይሆናል። ድምሩ 700 ብር። ጡረታው የደመወዟ 7 በመቶ ነው፤ 420 ብር። ሌላ ነገር ከሌለ በእጇ የሚገባው 4,880 ብር ነው።

ከማሻሻያው በፊት በነበረው በ2008ቱ አዋጅ ስሌት ከዚሁ 6,000 ብር ላይ የሚቆረጠው ግብር 935 ብር ነበር። ስለዚህ በፔሮሉ ላይ ዛሬም 935 የሚል ቁጥር ካየች ሒሳብ ክፍሉ በድሮው ሠንጠረዥ እየሠራ ነው ማለት ነው፤ በየወሩ 235 ብር ያለ አግባብ ይሄድባታል። ይህ የግድ ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ በትንንሽ ከተሞች ሒሳቡን በትርፍ ጊዜው የሚሠራ ሰው አሮጌውን ሠንጠረዥ እየገለበጠ መቀጠሉ ያለ ነው። ግን ገንዘቡ የእሷ ነው። ለሌሎቹም፦ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ከፍ ያለው መቶኛ የሚያርፈው በዚያ እርከን ውስጥ በገባው ገንዘብ ላይ ብቻ እንጂ በሙሉ ደመወዙ ላይ አይደለም።

ስለ ጡረታው ደግሞ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሠራተኛው 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምራል። ከላይ ባለው ምሳሌ 660 ብር ማለት ነው፤ ይህን ከሠራተኛዋ ላይ መቁረጥ አይቻልም። አንዳንድ ቦታ «ጡረታ 18 በመቶ ነው» እየተባለ ሁለቱም ድርሻ ከሠራተኛው ይወሰዳል፤ ይህ ግልጽ ጥሰት ነው። ከዚህ የከፋው ግን ተቆርጦ ገቢ ያልተደረገ ጡረታ ነው። ሠራተኛው ጡረታው እንደተቆጠረለት እያሰበ ለዓመታት ይሠራል፤ መዝገቡ ሲከፈት የለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በ2003 ሲጀመር፣ በኋላም በአዋጅ 1268/2014 ሲሻሻል፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የጡረታ መለያ ቁጥር እንዲኖረው ተደርጓል። ቁጥርዎን ካላወቁ በዚህ ሳምንት አሠሪውን ይጠይቁ። ቁጥር ሳይኖር በየወሩ 7 በመቶ የሚቆረጥ ከሆነ ገንዘቡ የት እንደሚገባ መጠየቅ ይገባል።

በቢላና በአካባቢዋ ሰው ሲያማርር የሚሰማው ግን ከግብርም ከጡረታም ይልቅ በጉድለት ስም የሚቆረጠው ነው። ብርጭቆ ተሰበረ፤ እንግዳ ሳይከፍል ወጣ፤ ካዝና ጎደለ፤ ሁለት ጆንያ ቡና ከመጋዘን ታጣ። ወር ሲደርስ ያ ሁሉ በአስተናጋጁ፣ በገንዘብ ያዡ ወይም በጥበቃው ላይ ይወርዳል። አንዳንዴ ማን እንዳጠፋ ስላልታወቀ «ሁላችሁም ተካፈሉ» ይባላል።

አሠሪው ንብረቱን የማስመለስ መብት የለውም እያልኩ አይደለም። አለው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት በንብረት ላይ ጉዳት ካደረሰ አዋጁ ሥራውን እስከማቋረጥ ድረስ ይፈቅዳል፤ ካሳም በፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። የማይፈቀደው አሠሪው ከሳሽም፣ ዳኛም፣ አስፈጻሚም ሆኖ በወሩ መጨረሻ ብሩን ከደመወዙ ላይ ማንሳቱ ነው። ከደመወዝ ለመቁረጥ የሥራ ደንቡ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ስለዚህ በግልጽ ማለት አለበት፤ ካልሆነ የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። «በሥራ ደንባችን አለ» ከተባሉ ደንቡን አሳዩኝ ይበሉ። ለሠራተኛ ያልታየና ያልተነገረ ደንብ በክርክር ጊዜ ብዙ አይረዳም።

ሲቀጠሩ «ለሚደርሰው ጉድለት ሁሉ ከደመወዜ ይቆረጥ» የሚል ወረቀት ያስፈረሙዎትስ? ይህ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እንዲህ ያለ ፊርማ አሠሪውን ከማስረዳት ነፃ አያወጣውም ባይ ነኝ። ጉድለት መድረሱን፣ መጠኑን፣ ጉድለቱም የዚያ ሠራተኛ መሆኑን ማሳየት አለበት። ሦስት ሰው በፈረቃ በሚሠራበት ካዝና ላይ ርክክብ ሳይደረግ «አንተ ነህ» ማለት አያስኬድም። ስለዚህ ገንዘብ ያዥ የሆነ ሰው ፈረቃ ሲለዋወጥ ብሩን ቆጥሮ በደብተር ላይ ተፈራርሞ ይረከብ፣ ያስረክብ። ይህች የአምስት ደቂቃ ሥራ የወር ደመወዝ ታድናለች። ጉድለት ተገኘ ተብሎ በዚያው ቅጽበት ዕዳ የማመን ወረቀት ሲዘረጋልዎት አይቸኩሉ። የሚያምኑበት ከሆነ ብሩ ስንት እንደሆነ፣ በየወሩ ስንት እንደሚቆረጥ፣ መቼ እንደሚያልቅ በፊደልም በአኃዝም ይጻፍ፤ ግልባጩንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። የማያምኑበት ከሆነ አይፈርሙ።

ቆረጣው በስምምነት ቢሆን እንኳ ጣሪያ አለው። በአንድ ጊዜ ከደመወዝ ላይ በድምሩ የሚቆረጠው በማናቸውም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የ6,000 ብር ደመወዝተኛ ሲሶው 2,000 ብር ነው። 2,500 ብር የሚያወጣ ዕቃ የሰበረ ሰው ዕዳውን ቢያምንና ቢስማማም ሙሉውን በአንድ ወር መውሰድ ክልክል ነው። «የዚህ ወር ደመወዝህ ለዕዳው ገብቷል፣ ምንም የለህም» የሚለው ደግሞ በየትኛውም በኩል ቢታይ ሕገ ወጥ ነው። ሠራተኛ ቤት ኪራይ አለበት፣ ልጅ አለው፤ ሕጉ ሁለት እጁን ያተረፈለት ለዚህ ነው።

የደንብ ልብስና የሥራ መሣሪያም በዚሁ መንገድ ሲቆረጥ ይታያል። አደጋ መከላከያ የሆነውን ጓንት፣ ጫማ፣ የአፍ መሸፈኛ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። የቡና መፈልፈያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ገለባና አቧራ ከሚተነፍስ ሰው ላይ የአፍ መሸፈኛ ዋጋ መቁረጥ በጤናው ላይ ማስከፈል ነው። ሆቴል ውስጥ አድረውና በልተው የሚሠሩ ደግሞ ምግቡና ማደሪያው እንደ ደመወዝ ይታሰብባቸዋል። በስምምነት ከደመወዝ ከፊሉን በዓይነት መክፈል ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከአካባቢው የገበያ ዋጋ መብለጥ የለበትም፣ በምንም መልኩም በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው ደመወዝ 30 በመቶ ማለፍ አይችልም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1949 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ስለ ደመወዝ ጥበቃ ባወጣው ስምምነት ይህንኑ ጉዳይ ያነሳው፣ በብዙ አገር ፋብሪካዎች ሠራተኛን በገንዘብ ፋንታ በራሳቸው ሱቅ ዕቃ እየከፈሉ በዕዳ ያስሩት ስለነበር ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መዋጮው። ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድ፣ ለአንድ በዓል፣ ለአንድ ዘመቻ ተብሎ ስብሰባ ይጠራል፤ እጅ ይወጣል፤ በወሩ መጨረሻ ከሁሉም ላይ እኩል ይቆረጣል። ዓላማው በጎ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን የስብሰባውን ድምፅ ሳይሆን ደመወዙ የሚቆረጥበትን ሰው የጽሑፍ ስምምነት ነው። እጁን ያላወጣ፣ ወይም ሰው እያየው ስለፈራ ያወጣ፣ በብዙኃን ድምፅ ደመወዙን አያጣም። በ2003 የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ሲጣል በመላ አገሪቱ ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጥቶ ቦንድ መግዛቱ ይታወሳል። ያንን ከፋፍለው የከፈሉ ሰዎች በእጃቸው ወረቀት ነበራቸው፤ ስንት እንደሰጡ፣ መቼ እንደሚመለስላቸው ይናገራል። ዛሬም ማንኛውም መዋጮ ሲቆረጥ ቢያንስ እንዲህ ያለ ማስረጃ ይጠይቁ፤ ደረሰኝ የሌለው መዋጮ የት እንደገባ ማንም አያውቅም። የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ዕቁብ፣ ዕድር በደመወዝ በኩል እንዲቆረጥ የጠየቀ ሰው በጽሑፍ እንደጠየቀ ሁሉ በጽሑፍ ሊያቆመው ይችላል፤ ለማኅበሩ ያለበት ዕዳ እንደተጠበቀ ሆኖ።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች፣ ማለትም የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፣ በዚህ አዋጅ አይተዳደሩም። የራሳቸው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አላቸው፤ አቤቱታቸውም በቅሬታ ሰሚ ኮሚቴና በአስተዳደር ፍርድ ቤት በኩል ይሄዳል። ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ሠራተኛው ስምምነት አይቆረጥም የሚለው መርህ ግን እዚያም አለ። የቤት ሠራተኞችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ የእነሱ ጉዳይ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይታያል። በየቤቱ ያሉት እነዚህ ልጆች ከሁሉም ያነሰ ጥበቃ ማግኘታቸው የሕጋችን ትልቅ ጉድለት ነው።

ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው የቡና ወቅት ምዕራብ ወለጋ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይቀጥራል። ከዛፍ የሚለቅመው በኪሎ፣ በመጋዘን ለቀማ ላይ የተቀመጠችው ሴት በኩንታል ወይም በጆንያ፣ ጫኝና አውራጁ በጭነት ይከፈለዋል። ወረቀት የሚባል ነገር የለም። ብዙዎች «ውል ስለሌለን ሠራተኛ አንባልም» ብለው ያስባሉ። ይባላሉ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል፤ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ይህን ባለማድረጉ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በወቅት የሚመጣ ሥራም ሥራ ነው።

እዚህ ዋናው ችግር ካቦው ነው። ባለ መጋዘኑ ለካቦው ይከፍላል፣ ካቦው ለሰዎቹ ያከፋፍላል፤ በመሃል በኪሎ ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሕጉ ደመወዝ በቀጥታ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው ይከፈል ይላል። ካቦውን ሠራተኛዋ አልወከለችውም፤ ስለዚህ ባለ መጋዘኑ «ለካቦው ሰጥቻለሁ» ብሎ ከዕዳው አይወጣም። ግብር ነው እየተባለ ከቀን ሠራተኛ ላይ የሚቆረጥም አለ። በወሩ ያገኘችው ሁሉ ተደምሮ 2,000 ብር ካልሞላ ግብር የለባትም፤ የተቆረጠው ለመንግሥት ሳይሆን ለሌላ ኪስ ነው። ለዚህ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ደብተር የተሻለ መሣሪያ የለም። ቀኑ፣ ስንት ኪሎ እንደተመዘነ፣ ስንት እንደተከፈለ፣ ማን እንደመዘነ፤ ማንበብ የማትችል ካለች ልጇ ይጻፍላት። አሠሪው መዝገብ ካልያዘ ፍርድ ቤት ውስጥ በእጅ ያለች እንዲህ ያለች ደብተርና አብሮ የሠራ ሰው ምስክርነት ትልቅ ቦታ አላቸው።

ወለጋ ባለፉት ዓመታት ካሳለፈው ሁኔታ የተነሳ ሌላም ጥያቄ ይነሳል፦ መንገድ ሲዘጋ፣ ዕቃ ሳይመጣ ሲቀር፣ መብራት ሲጠፋ ደመወዝ ይከፈላል ወይ? ሁለት ነገር መለየት ያስፈልጋል። ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ በመሣሪያ ወይም በጥሬ ዕቃ መቋረጥ ወይም የእሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙ ይከፈለዋል። ዱቄት ስላልመጣ ዳቦ ቤቱ ሥራ ፈትቶ ዋለ ተብሎ የጋጋሪው ቀን አይቆረጥም። ድርጅቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ከ10 ተከታታይ ቀን ላላነሰ ጊዜ ሥራ ካቆመ ግን የሥራ ውሉ ለጊዜው ሊታገድ ይችላል፤ በእግዱ ጊዜ ደመወዝ አይከፈልም። ለዚህ አሠሪው በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ምክንያቱ ከታመነበትም እግዱ ከ90 ቀን ሊበልጥ አይችልም። ማንንም ሳያሳውቅ ሁለት ወር በር ዘግቶ ሲከፍት «ሥራ አልነበረም» ብሎ ደመወዝ የሚነሳ አሠሪ ይህን ሥርዓት አልተከተለም።

በቀሩበት ቀን አለመክፈልና መቁረጥ አንድ አይደሉም። ያለ ምክንያት የቀረ ሰው ያልሠራበትን ቀን አያገኝም። ግማሽ ሰዓት ላረፈደ የሙሉ ቀን መቁረጥ ግን ቅጣት ነው፤ ቅጣት ደግሞ በሥራ ደንብ ውስጥ መገኘት አለበት። የታመመ ሰው የሐኪም ማስረጃ ካመጣ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዙ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር ግማሹ ይከፈለዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። የወለደች እናት 120 ቀን ሙሉ ደመወዝ አላት፤ ከዚህ ላይ «ተተኪ ቀጥረንብሽ» ብሎ መቀነስ የለም። የሕዝብ በዓል ስለዋለ የወር ደመወዝተኛ አይቆረጥበትም።

የማይታየው ቆረጣ ደግሞ ጨርሶ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት ነው። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። 6,000 ብር ለ208 ሲካፈል ሰዓቱ 28 ብር ከ85 ሳንቲም ያህል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በአንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ይባዛል። በዚህ ደመወዝ የመስቀል ቀን 8 ሰዓት በትርፍ ሰዓትነት የሠራች አስተናጋጅ ለዚያ 577 ብር ያህል ይደርሳታል። «በዓል ነው፣ ጉርሻ ታገኛለሽ» የሚለው የዚህ ምትክ አይሆንም።

ሥራ ሲለቁ የመጨረሻው ደመወዝ ነው የሚያስቸግረው። አሠሪው ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ የሚገባውን ሁሉ መክፈል አለበት። ሠራተኛው በእጁ ያለውን ንብረት ባለመመለሱ ካዘገየ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ ስለዚህ ቁልፉንም፣ የደንብ ልብሱንም፣ ደረሰኙንም አስረክበው ክሊራንስ ይያዙ። ከፊሉ ብር አከራካሪ ቢሆን አሠሪው የማያከራክረውን መክፈል አለበት፤ «ሒሳቡ እስኪጣራ ምንም አልሰጥም» ማለት አይችልም። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት ከዋናው ክፍያ በተጨማሪ እስከ 3 ወር ደመወዝ እንዲከፍል ሊያዝዝበት ይችላል። ይህን ድንጋጌ በደብዳቤ ላይ ጠቅሶ መጻፍ ብቻ ብዙ ጊዜ የተያዘን ብር ያስለቅቃል።

ታዲያ ወዴት ይኬዳል? መጀመሪያ ወደ አሠሪው፣ በጽሑፍ። «የጥር ወር ደመወዜ ላይ 1,200 ብር ተቆርጧል፤ በምን እንደተቆረጠ መዝገቡን አሳይታችሁ እንድታስረዱኝ» የምትል አጭር ማመልከቻ፣ ቀን ያላት፣ ግልባጯ በእጅ የቀረ። አሠሪው «አዎ አለብን፣ እንከፍላለን» ብሎ በጽሑፍ ከመለሰ ያ የይርጋውን ጊዜ ያቋርጠዋል፤ በቃል ተስፋ ግን አይታመኑ። መልስ ከሌለ ወደ ወረዳው የሥራ ዕድል ፈጠራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይኬዳል፤ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ «ሠራተኛና ማኅበራዊ» ይለዋል። እዚያ ያለው ተቆጣጣሪ የአሠሪውን መዝገብ መጠየቅና መመልከት ይችላል። በሥራ ቦታዎ የሠራተኛ ማኅበር ካለ ቀድመው እሱን ያናግሩት፤ ሊቀመንበሩ ከአሠሪው ጋር ፊት ለፊት የመነጋገር አቅም አለው። ማኅበር ከሌለ ደግሞ ከአሥር በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማቋቋም ይቻላል።

ካልሆነ ወረዳ ፍርድ ቤት። የደመወዝ ክርክር የግል የሥራ ክርክር ስለሆነ በዚሁ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይታያል፤ ችሎቱ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ይጠብቃል፤ ለዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። በኦሮሚያ የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውን በዚያው ቋንቋ ማስጻፍ ያስፈልጋል፤ አዋጁ በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚጠቅሱትን አንቀጽ ለጸሐፊው በቁጥር ይንገሩት፦ 59 ስለ ቆረጣ፣ 60 ስለ መዝገብ። የነቀምቴ አካባቢ ሰው የወለጋ ዩኒቨርሲቲን የሕግ ትምህርት ቤት ምክር ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ሰውን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው «ብጠይቅ ያባርሩኛል» የሚለው ነው፤ እንጀራ ላይ የመጣ ፍርሃት ስለሆነ ማንም ሊንቀው አይገባም። አዋጁ ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ መካፈሉ ውልን ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይላል። በዚህ ምክንያት የተባረረ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ መጠየቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ ግን ከ6 ወር ያጠረ ጊዜ ነው ያለው፦ ከተባረሩበት ቀን ጀምሮ 3 ወር። የተባረሩበትን ቀን የሚያሳይ ደብዳቤ ካልተሰጠዎት በዚያው ሳምንት ለወረዳው ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁና ማመልከቻዎ የገባበትን ቀን በማኅተም አስይዘው ግልባጩን ይያዙ።